አንድ መዘውር፣ ሦስት መስተጋብሮች

የሁለት የተለያዩ ንጥረ ነገሮች አቶሞች ከኬልቪን አንድ ሚሊዮንኛ በታች ቀዝቅዘው ሲደባለቁ፣ መስተጋብራቸው በማግኔታዊ መስክ እንደ ተመራማሪው ፈቃድ ይለወጣል ይባላል። አባባሉ መሠረት አለው። በመስኩ ተጽዕኖ የተጋጪዎቹ አቶሞች ኢነርጂ ከአንድ የታሰረ ሞለኪውል ኢነርጂ ጋር ሲገጥም የፌሽባክ ሬዞናንስ ይፈጠራል፤ የግጭቱን ጥንካሬ የሚገልጸው የብተና ርዝመትም ከመሳሳብ ወደ መገፋፋት ሊሸጋገር ይችላል። ክስተቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዲየም፣ በ2004 ደግሞ በተለያዩ ንጥረ ነገሮች መካከል ታይቷል።

«እንደ ፈቃድ» የሚለው ቃል ግን ከሚገባው በላይ ተለጥጧል። በድብልቁ ውስጥ መስተጋብሮቹ ሦስት ናቸው፦ የመጀመሪያው ዓይነት ከራሱ፣ ሁለተኛው ከራሱ፣ ሁለቱም እርስ በርስ። (አንዱ ፌርሚዮን ሆኖ አቶሞቹ ሁሉ በአንድ የስፒን ሁኔታ ላይ ካሉ ከራሱ ጋር ያለው ግጭት ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።) መስኩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ማስተካከያ ከማግኔቱ ጥቅል ሽቦ በፊት፣ ጥንዱ በሚመረጥበት ጊዜ ይጀምራል።

ለዚህ የፖታሲየም-41 እና የሩቢዲየም-87 ድብልቅ ጥሩ ምስክር ነው። በጥንዱ ሬዞናንስ አካባቢ የእያንዳንዱ ዓይነት የራስ በራስ መገፋፋት እምብዛም ሳይለወጥ የእርስ በርሱ ብቻ ይለዋወጣል። በ2019 በፍሎረንስ፣ ያለ መያዣ ራሳቸውን የሚያቅፉ የኳንተም ጠብታዎች ከዚህ ድብልቅ ተገኙ፤ ዕድሜያቸውም አስቀድሞ በፖታሲየም-39 ሁለት የስፒን ሁኔታዎች ከተሠሩት ጠብታዎች በእጅጉ ረዘመ።

ሌላው በቸልታ የሚታለፈው ብክነት ነው። ሦስት አቶሞች ሲጋጩ ሁለቱ ሞለኪውል ይሆናሉ፤ የሚለቀቀው ኢነርጂም ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም ከወጥመዱ ያስወጣል። ብክነቱ በግርድፉ በብተና ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ሆኖም ብክነት ጠላት ብቻ አይደለም። በ2014 በሊቲየም-6 እና በሲዚየም-133 ድብልቅ ውስጥ የኢፊሞቭ የሦስትዮሽ ሁኔታዎች ተከታትለው የታዩት በብክነቱ ጫፎች ነው። ሦስቱ አቶሞች አንድ ዓይነት ቦዞኖች ቢሆኑ ቀጣዩን ሁኔታ ለማግኘት የብተና ርዝመቱ 22.7 ጊዜ መጨመር ነበረበት፤ ሲዚየም ከሊቲየም 22 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ግን 4.9 ጊዜ በቃ።

እንግዲህ የሬዞናንሱን ቦታና ስፋት ዘግቦ የብክነቱን መጠን የሚተው የመመረቂያ ጽሑፍ ግማሹን ነገር አስቀርቷል። ጥንዱ ለምን እንደ ተመረጠም በመጀመሪያው ምዕራፍ ሊያስረዳ ይገባል፤ ምክንያቱ ቤተ ሙከራው ለዚያ አቶም የሚሆን ሌዘር ስላለው ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል።