የእናትየዋ ጠበቃ ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ "ቲቸር፣ ጎረቤታችን ባሏን በጦርነቱ አጥታለች፣ ሦስት ልጆች አሏት። አንድ ሰው 'ትንሹን በጉዲፈቻ የሚወስዱ ፈረንጆች አሉ፣ ለወረቀት ማስጨረሻ ብቻ ክፈይ' አላት። ጠበቃ ያውቃሉ?"

መልሴ አጭር ነበር፦ እንዳትከፍል! ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ልጆቻችንን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። ዛሬ "አስጨርሳለሁ" የሚል ሰው የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። በሩ ክፍት በነበረ ጊዜስ? አሜሪካ ብቻዋን ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ወስዳለች። ወሳጆቹ ኤጀንሲም ጠበቃም ነበራቸው። ጣቷን ቀለም ነክራ የፈረመችው እናትስ ማን ነበራት?

ብዙ ወላጆች ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ነበር። አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል፤ በእኛ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። በአሜሪካ ሕግ ግን ይቆረጣል። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ትርጉም። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ነው የጠፋው።

ሁሉም ክፉ ገጠመው አልልም፤ በፍቅር ያደጉ ብዙ ናቸው። ግን በ2003 ዓ.ም. ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ የሞተችውን ሃናን አንርሳ። አሳዳጊዎቿ ተፈርዶባቸዋል፤ እሷ ግን አትመለስም።

"ከጦርነቱ በኋላ ይህን ያህል ወላጅ አልባ ልጅ እያለ በሩ ለምን ተዘጋ?" የሚሉኝ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። እኔ የምለው፣ በሩ አንድ ቀን ቢከፈት እንኳ መጀመሪያ ጠበቃ የሚቆመው ለእናትየዋና ለልጁ ይሁን። ውሉ በትግርኛ ይነበብላት፣ ልጁም ይጠየቅ።

እስከዚያው የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አልተከለከለም። ግን በሽማግሌ ፊት መስማማት ብቻውን አይበቃም፤ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። አቅም ለሌለው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሄዶ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ተማሪዎቼ፣ ማንበብ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ጎረቤታችሁ ወረቀት ይዛ ስትመጣ "እማማ፣ ሳይነበብልሽ አትፈርሚ" በሏት።