ፎቶው ጠፋ፤ እኔስ ልጠብቀው?

ባለፈው ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ነች። ተወልዳ ያደገችው ንፋስ መውጫ፣ የምትሠራው ደግሞ አዲስ አበባ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ እሷም «አደራ» ብላኛለች።

ታሪኩን ላሳጥረው። እጮኛዋ «ሰው ደብድበሃል» ተብሎ 3 ዓመት ተፈርዶበታል። ድብደባው የተፈጸመው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ከተማ ነው። እሱ ግን «በዚያን ምሽት ንፋስ መውጫ የጓደኛዬ ሚዜ ነበርኩ» ይላል። ፎቶም ነበረ፤ በዚያ ብርድ ጋቢ ደርቦ ከሙሽሮቹ ጎን የቆመበት። ቤተሰቡ «አስገብተናል» የሚሉት ፎቶ ግን ከመዝገቡ ውስጥ የለም። ታናሽ ወንድሙ ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? በስልኩ የደረሰውን ቅጂ ዳር ዳሩን ቆርጦ፣ ቀንና ሰዓት ራሱ ጽፎበት አሳተመው! «ልርዳው ብዬ ነው» ይላል። ዳኞቹ ነገሩ ገባቸው። ፎቶው ውድቅ ሆነ፤ የሙሽራው ምስክርነትም አብሮ ተጠረጠረ።

ልጅቷ የምትጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ «የወንድሙን ነገር ዝም ልበል? እሱንስ ልጠብቀው ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ ዝም አትበይ። ለጠበቃው ሁሉንም ንገሪው። እውነትን በውሸት ማገዝ እውነቱንም ይዞ ገደል መግባት ነው።

«ፎቶ አይዋሽም» የሚባለውን እኔ አላምንም። ሰው ካስዋሸው ይዋሻል። በ2003 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ከአማፅያን ጋር የተያዙትን ሁለት ስዊድናዊ ጋዜጠኞች ታስታውሳላችሁ? ያለ ፈቃድ መግባታቸውን አምነው፣ ሽብርተኝነትን መርዳቱን ግን ክደው ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 2004 ዓ.ም. 11 ዓመት ተፈረደባቸው። ከቀረቡባቸው ማስረጃዎች አንዱ ቪዲዮ ነበር። ጳጉሜ 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በይቅርታ ከተፈቱ በኋላ፣ ከሶማሌ ክልል መስተዳድር የሸሸ አንድ ሰው ይዞት የወጣው ጥሬ ፊልም ስዊድን ውስጥ ታየ። አያያዛቸው እንደ ቲያትር ተደግሞ የተቀረጸ ነበር!

የጠፋ ማስረጃም እንደዚያው ሰው ይበላል። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ አንድ ሰው በ1985 እ.ኤ.አ. የተፈረደበት አንድ ሕፃን ከፎቶዎች መካከል «እሱ ነው» ብሎ ስላመለከተው ነበር። ፖሊስ የልጁን ልብስ በወጉ ሳያስቀምጥ ቀርቶ ምርመራው ተበላሸ። በ1988 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ፖሊስ በክፉ ልብ ካላደረገው መብት አልተጣሰም» አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ግን አዲስ የዲኤንኤ ምርመራ ሰውየው ንጹሕ መሆኑን አሳየ። ዕድሜውን ማን ይመልስለት?

ስለዚህ እህቴ፣ ወረቀቱን ተዪና ፎቶው መጀመሪያ የተነሳበትን ስልክ ፈልጊ። ዋናው ፋይል የተነሳበትን ቀንና ሰዓት በውስጡ ይይዛል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ግን ይህ መረጃ ይራገፋል፤ ለዚህ ነው የወንድሙ ቅጂ ባዶ የሆነው። ባለስልኩ ምንም ሳይነካካ ስልኩን ራሱን ያቅርብ። የስልክ ሰዓት ሊሳሳት ስለሚችል ግን በዚያ ብቻ አትተማመኑ። ሠርግ ላይ የሚያነሳ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹንም እድምተኞች ስልክ ጠይቁ። ወጥ ያወጡት፣ ድንኳን የተከሉት፣ አብረው የጨፈሩት ሁሉ አፍ አላቸው።

ጊዜም አትግደሉ። ይግባኝ በቀናት የሚቆጠር ገደብ አለው፤ ካለፈ ምክንያቱን አስረድቶ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ የራሱንም መከላከያ የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። ጠበቃው የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ ያውጣ። ፎቶው ገብቶ ከሆነ ዱካው እዚያ ይገኛል፤ ካልተገኘ ደግሞ ቤተሰቡን «በእርግጥ ለማን ሰጣችሁት?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ልብሽ ጉዳይ። «ጠብቂው» ብዬ አላስምልሽም፤ 3 ዓመት የአንቺም ወጣትነት ነው። ግን «ፎቶው ውድቅ ስለሆነ ልተወው» ካልሽኝ አልስማማም። ያንን ፎቶ ያበላሸው እሱ አይደለም። ሂጂና ጠይቂው። ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ «ወንድምህ ያደረገውን ታውቅ ነበር?» በይው። የማያውቅ ከሆነ ከጎኑ ሁኚ። አውቆ ዝም ካለ ግን፣ ነገ በትዳርሽም ውስጥ ቆርጦ የሚያሳይሽ ነገር አይጠፋም፤ ያኔ መልሱን አንቺው ታገኚዋለሽ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ግን እናንተም አትነካኩት። የሆነውን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።