የጎማ ዛፍዎን ቅጠል ማን አረገፈው?

አንባቢ ሆይ፤ በሚሠሩበት ቢሮ ጥግ ወይም በተከራዩት ክፍል መስኮት አጠገብ አንድ የጎማ ዛፍ ይኖርዎ ይሆናል። ለመሆኑ ዛሬ ጧት እንዴት አደረ? ቅጠሉ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል፥ ወይስ አንዱ ቢጫ ሆኖ ወለሉ ላይ ወድቋል?

ይኸን የምጠይቅዎ እኔ ራሴ በዚህ ነገር አፍሬ ስለማውቅ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ሳለሁ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረና የጎማ ዛፉን «ስመለስ እወስደዋለሁ፤ አደራ!» ብሎ ሰጠኝ። አደራ ከባድ ነውና በየጧቱ አንድ ጣሳ ውሃ አጠጣው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ጠምቶታል ብዬ ሁለት ጣሳ አደረግሁለት። ወሩ ሲያልቅ ከ14 ቅጠሎች የቀሩት 5 ብቻ ነበሩ።

የግቢያችን አትክልተኛ የሆኑ አንድ አዛውንት መጥተው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱና፥ «ልጄ፥ ይኸ ዛፍ አልጠማውም፤ እየሰጠመ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ዘወትር በውሃ ከተሞላ አየር መግቢያ ያጣል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ በውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ግን መጠውለጉን አይቶ ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። ማርም ሲበዛ ይመራል ማለት ይኸው ነው።

የጎማ ዛፍ፥ በሳይንስ ስሙ ፊከስ ኢላስቲካ፥ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያወጣውም ስለዚህ ነው። አገሩ ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ እስከ ኢንዶኔዥያ ያለው ደን ሲሆን፥ እዚያ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። በሕንድ የሜጋላያ ሰዎች ሥሮቹን በወንዝ ላይ እየመሩ ሰው የሚሻገርበት ሕያው ድልድይ ያበጁበታል። እንዲህ ያለውን ብርቱ ፍጥረት ነው እኛ በጣሳ ውስጥ በደግነት የምንገድለው።

እንግዲህ ውሃ ከማጠጣትዎ በፊት አፈሩን ይጠይቁ። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ፥ ማለት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ያስገቡ። እርጥበት ከተሰማዎ ይተዉት፤ ደረቅ ከሆነ በታች እስኪፈስ ድረስ ያጠጡና በማስቀመጫው ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። ጣሳው ወይም ሸክላው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ዛሬውኑ ይብሱት። በአዲስ አበባ ክረምት ፀሐይ ስለሚጠፋና አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ፥ በበጋ ያጠጡትን ያህል ማጠጣት አይገባም።

ሕመሙን ከምልክቱ ይለዩ። አንድ አሮጌ የታች ቅጠል አልፎ አልፎ ቢጫ ቢሆን አይደንግጡ፤ ዕድሜው ነው። ብዙ ቅጠል በአንድነት ቢጫ ሆኖ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ በዝቷል። ጠርዙ ደርቆ አፈሩም ከጣሳው ተላቅቆ ከሆነ በእውነት ጠምቶታል። ግንዱ ወደ መስኮቱ ተጣሞ ቅጠሎቹ ከተራራቁ ብርሃን አንሶታል። በመስኮቱ በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ቡናማ ከሆነ የቀትር ፀሐይ አቃጥሎታል። የጧት ፀሐይ የሚያገባ መስኮት ይስማማዋል። ቦታውን ባገኘ ጊዜ ከዚያ አያንከራትቱት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ብርድ ከሚገባበት በርም ያርቁት።

አቧራም ብርሃን ይከለክላል። ቅጠሉን በአንድ እጅ ከሥር ደግፈው በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ፊቱንም ጀርባውንም ይጥረጉ፤ ተባይ የሚደበቀው በጀርባው ነውና። እንዲያብረቀርቅ ብሎ ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት ግን አቧራ መሰብሰብ፥ መተንፈሻውንም መድፈን ነው። ወተቱ ቆዳ ያሳክካል፤ ከልጆች አፍና ከዓይንዎም ይጠብቁት።

የእኔ ዛፍስ ምን ሆነ? አዛውንቱ ከጣሳው አውጥተው የጠቆረውንና የላላውን ሥር በንጹሕ ቢላዋ ቆረጡ። አሸዋ በተቀላቀለበት ደረቅ አፈር እንደገና ተከሉትና «እስክነግርህ ድረስ ውሃ እንዳትሰጠው፤ ፍግም አታሳየው» አሉ። ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደ ከበደኝ አልነግርዎም። በሁለተኛው ወር ግን በግንዱ ጫፍ ቀይ እሾህ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። አዲሱን ቅጠል የሚሸፍነው ልባስ ነበር።

ጓደኛዬ በዓመቱ ሲመለስ ዛፉ 9 ቅጠል ነበረው። ዙሪያውን አየና «ምን እያበላህ አሳደግኸው?» አለኝ።

«ጣቴን» አልሁት።