ስለ ደበቀ በሽተኛና ስላስደበቀው ፊት

በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም እያልን ልጆቻችንን እናስተምራለን። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱን እኩሌታ ብቻ ይዟል፤ በሽተኛው ለምን እንደ ደበቀ አይጠይቅምና። ብዙ ጊዜም ይህን ምሳሌ በበሽተኛው ላይ የሚተርተው ሰው፣ በሽተኛው አፉን ሊከፍት ሲል ፊቱን አጨፍግጎ ያስዘጋው ያው ሰው ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው፤ ጠቤም ከእርሱ ጋር ነው።

ነገሩን ጨዋነት በሚፈቅደው መጠን በግልጥ ልናገር። በዓለም ላይ ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶች አሉ። እነርሱም እንደ ማናቸውም ሰው ያረጃሉ፤ ይታመማሉ። ካረጁትም መካከል ብቻቸውን የቀሩ አንዳንዶቹ ገንዘብ ከፍለው አንድ ጐልማሳ ወደ ቤታቸው ያስመጣሉ። ይህ ሲነገር ወጣቶች ይሥቃሉ፤ አዋቂዎች ይጸየፋሉ፤ አንዳንድ ሐኪምም (ይህ ነው ከሁሉ የሚያስቆጣኝ) እንዳልሰማ ሆኖ ወረቀቱን ያገላብጣል። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሥራውን አመስግንልኝ አልልህም። የምልህ ሣቁና መጸየፉ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ሰው ይገድላል ነው፤ እንዴት እንደሚገድልም አስረዳሃለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው አንቱ እያልሁ መጥራቴ አንዳንዱን ሳያስገርመው አይቀርም። ሽበት ያለውን ሰው አንተ ማለት ያላስተማሩኝ ወላጆቼ ናቸውና ከእነርሱ ጋር ይሟገት።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ከተማ እንያዝ። በምዕራብ በርሊን አድገው እዚያው ያረጁ፣ በ1940 የተወለዱ አንድ ሽማግሌ አሉ እንበል (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጀርመን በ1871 ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 175፣ ወንድ ከወንድ ጋር መተኛቱን ወንጀል አድርጋ ነበር። የሂትለር መንግሥት በ1935 ሕጉን እጅግ አከበደው። ጦርነቱ አልቆ ሂትለር ከጠፋ በኋላ ምዕራብ ጀርመን ከናዚ ሕጎች ብዙውን ስትሽር ይህን ሳትነካ አቆየችው፤ በ1957ም የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሕጉ ይጽና ብሎ ፈረደ። እስከ 1969 ድረስ 50,000 ያህል ወንዶች በዚሁ አንቀጽ ተፈርዶባቸዋል። ከተፈረደበት ይልቅ ደግሞ ፈርቶ የኖረው ይበዛል፤ ደብዳቤውን ያቃጠለውን፣ ፎቶግራፉን የቀደደውን፣ ከወዳጁ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደርን ያልደፈረውን ማን ቈጠረው?

በ1969 ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ ወንዶች ከቅጣቱ ነጻ ወጡ። ያን ጊዜ ሽማግሌያችን 29 ዓመታቸው ነበር። በ1981 ኤድስ በአሜሪካ ታወቀ፤ ጥቂት ሳይቈይም ጀርመን ገባ፤ ብዙ መድኀኒት በአንድነት መስጠት በሽታውን እንደሚገታ እስከ ታወቀበት እስከ 1996 ድረስ የዕድሜ ባልንጀሮቻቸውን እየለቀመ ቀበረ። አንቀጽ 175 ጨርሶ የተሰረዘው በ1994 ነው። በ2017 ደግሞ የጀርመን ምክር ቤት ወንድና ወንድ እንዲጋቡ ፈቀደ፤ የቀድሞውንም ፍርድ ሽሮ ለእያንዳንዱ ፍርድ 3,000 ዩሮ፣ ለተጀመረ ለእያንዳንዱ የእስራት ዓመት 1,500 ዩሮ ካሣ ቈረጠ። መንግሥት ሽማግሌያችንን «እንግዲህ አግባ» ያላቸው በ77 ዓመታቸው መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ «ለምን እንደ ሰው ጐጆ አልወጡም?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄውን ለምክር ቤቱ ያቅርብ።

«በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግላቸዋል?» የሚልም አለ። እንዲህ የሚለው ዘወትር ልጅና የልጅ ልጅ የከበበው ሰው ነው። ባለጠጋው የ70 ዓመት ጐረቤቱ የ20 ዓመት ልጅ ሲያገባ ግን ያው ፈራጅ ነጭ ለብሶ ሠርግ ቤት ይሄዳል፤ ጠጁንም ጠጥቶ ይመለሳል። እርጅና ረኃብን እንደማያጠፋ ሁሉ የሰው እጅ መናፈቅንም አያጠፋም። የፕሮስቴት ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ብዙ ሽማግሎች የቀድሞው ኃይላቸው አይመለስላቸውም፤ ሽንታቸውም ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ያመልጣቸዋል። እንዲህ የሆነ ሰው አዲስ ወዳጅ ፍለጋ ለመውጣት በምን ልቡ ይደፍራል? ለተከፈለው እንግዳ ግን ስለ ሽንት ጨርቁ ይቅርታ መለመን የለበትም። ከሚከፍሉትስ መካከል ስንቱ ከመታቀፍ ያለፈ ነገር እንደማይፈልግ ሣቂው በምን ያውቃል?

አሁን ወደ ሞቱ ልምጣ። የልቡ ሥር የጠበበበት ሰው ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው ከምላሱ ሥር ናይትሮግሊሰሪን ይደረግለታል። ይህ መድኀኒት ድማሚት የሚሠራበት ያው ቅመም ነው፤ ድማሚትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ በመጨረሻ ዕድሜው ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ይህንኑ አዘውለታል። ሥራው የደም ሥርን ማስፋት ነው። በ1998 ለሽያጭ የወጣው ቪያግራ፣ ማለት ሲልዴናፊል የተባለው ክኒን፣ እርሱም የደም ሥርን ያሰፋል፤ እንዲያውም መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲወሰድ የሚጠቅመው መድኀኒት ሁለቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ የደም ግፊትን በድንገት ይጥለዋል፤ ሰውየው በዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሲልዴናፊል የወሰደ ሰው 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የተባለውን የወሰደ ደግሞ 48 ሰዓት ሳይሞላው ናይትሮግሊሰሪን አይሰጠውም። በትንንሽ ጠርሙስ እየተሸጠ በአፍንጫ የሚሳበው ፖፐርስ የሚሉት ተንም ከናይትሮግሊሰሪን ወገን ስለ ሆነ ከክኒኑ ጋር ሲገናኝ ጠንቁ አንድ ነው።

ሽማግሌያችን ክኒኑን የወሰዱት ከምሽቱ በ2 ሰዓት ነው እንበል። እንግዳው መጣ፤ ሄደም። በ5 ሰዓት ደረታቸውን ያማቸዋል፤ አምቡላንስ ይጠራሉ። ከአምቡላንሱ የወረዱት ሁለት ወጣቶች ምን እንደ ወሰዱ ይጠይቋቸዋል። ሽማግሌው አልጋውን ያያሉ፤ በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ብርጭቆዎች ያያሉ፤ በሩ ላይ የቆመችውን የታችኛው ፎቅ ጐረቤት ያያሉ። ከዚያም «ምንም፤ መጽሐፍ እያነበብሁ ነበር» ይላሉ። ሠራተኛው ምን ያድርግ? የተነገረውን አምኖ ናይትሮግሊሰሪኑን ከምላሳቸው ሥር ይነፋል። እንግዲህ እኒህን ሰው የገደላቸው ምንድር ነው? ክኒኑ ነውን? እንግዳው ነውን? ሃምሳ ዓመት ሙሉ እውነት በተናገሩ ቍጥር የተቀበላቸው ፊት ነው እንጂ! ያን ሌሊት ውሸት የፈጠሩ አይምሰልህ፤ ከ29 ዓመታቸው በፊት ከወኅኒ ያዳናቸውን የቆየ ልማድ ደገሙት።

ሌላውንም በሽታ ብንመለከት ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ቂጥኝ ሳይታከም ሲቈይ ዓይንን፣ ጆሮንና አእምሮን ይነካል። አንድ ሽማግሌ ቃል ሲጠፋባቸውና መንገድ ሲስቱ ሐኪሙ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል፤ በፔኒሲሊን የሚድነው በሽታ መሆኑን የሚያሳየው የደም ምርመራ አይታዘዝም፤ ማን ከሽማግሌ ጋር ይተኛል ተብሎ! ኤች አይ ቪም እንደዚሁ በአረጋውያን ላይ ዘግይቶ ይገኛል፤ መክሳቱና ድካሙ ሁሉ በዕድሜ ይሳበባልና። በ2019 የታተመ አንድ የኤውሮፓ ጥናት፣ አንደኛው ቫይረሱ ያለበት ሁለተኛው የሌለበት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ መድኀኒቱን በደንብ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው ወደ ጓደኛው አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላስተላለፈ አረጋግጧል። በዚያው ዓመት የጀርመን የጤና መድን ሕመሙ እንዳይይዝ አስቀድሞ ለሚወሰደው ክኒን መክፈል ጀመረ። መድኀኒቱ አለ፤ ገንዘቡም አለ። የጐደለው ያለ መሸማቀቅ የሚነገርበት አንድ ወንበር ብቻ ነው።

ኀፍረት ገዳይ ብቻም አይደለም፤ ሌባንም ያበላል። ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለው የበርሊን ሐኪም ከ1897 ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር አንቀጽ 175 እንዲሰረዝ ሲሟገት ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር፤ ሕጉ ኃጢአትን ሳይሆን ምስጢር እያስፈራራ ገንዘብ የሚቀበለውን ቀማኛ አበዛ። በ1919 «ከሌሎች የተለየ» በተባለው ፊልም ላይ ሂርሽፌልድ ራሱ ታየ፤ ታሪኩም አንድ የቫዮሊን ተጫዋች አንድ ቀማኛ ምስጢሩን ይዞ ሲያስጨንቀው ኖሮ በመጨረሻ ራሱን እንዳጠፋ ያሳያል። በ1933 ናዚዎች የሂርሽፌልድን ተቋም ዘረፉ፤ መጻሕፍቱንም አቃጠሉ። አንቀጹ ዛሬ የለም፤ ቀማኛው ግን አለ። የወንድም ልጃቸው እንዳይሰማ ሲሉ የተሰረቁትን ሰዓት ለፖሊስ የማያመለክቱ ሽማግሌ፣ ቀማኛው ደንበኛው አድርጎ ይዟቸዋል ማለት ነው።

ከሚቃወሙኝ ሁሉ ግን አንዱን አከብረዋለሁ። «ለሽማግሌው እንዘንላቸው እሺ፤ ስለ ተከፈለው ልጅስ ማን ይዘን?» የሚለውን። ይህ ሣቅ አይደለም፤ ክርክር ነው። ሩማንያና ቡልጋርያ በ2007 ወደ ኤውሮፓ ኅብረት ከገቡ ወዲህ ከዚያ የመጡ ብዙ ድሀ ወጣቶች በበርሊን በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል፤ ሮዛ ፎን ፕራውንሃይም የተባለው ፊልም ሠሪ በ2011 በአንድ የባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚሠሩትን ታሪክ በፊልም አሳይቷል። ማደሪያ የሌለው ልጅ «እሺ» ሲል እሺታው ከልቡ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ስለዚህ ለሽማግሌውም በአንቱታ የምነግራቸው አለኝ፤ እንግዳው ለአካለ መጠን የደረሰ መሆኑን ሳያረጋግጡ፣ «ይህን አልፈልግም» ሲል ሳይቈጡና ሳይቀንሱበት ለመተው ሳይቈርጡ፣ በርዎን አይክፈቱ። ብቸኝነትዎ የሌላውን ረኃብ ለመጠቀም ፈቃድ አይሆንዎትም።

ይሁን እንጂ ያንንም ልጅ ቢሆን መጸየፍ አልረዳውም። በ1969 ደንበኛው ነጻ ሲወጣ ገንዘቡን የተቀበለው ወንድ እስከ 1973 ወንጀለኛ ሆኖ ቀረ። በ2002 የወጣው ሕግ የሠራበትን ዋጋ በፍርድ ቤት ለመጠየቅ መብት ሰጠው፤ በ2017 የወጣው ደግሞ እንዲመዘገብና የጤና ምክር እንዲያገኝ አዘዘ፤ ኮንዶምንም ግዴታ አድርጎ እምቢ በሚለው ደንበኛ ላይ እስከ 50,000 ዩሮ ቅጣት ጣለ። ምዝገባውን ብዙዎቹ ይሸሹታል፤ ስማቸው በመዝገብ መግባቱን ይፈሩታልና። እነርሱም የሚሸሹት ያንኑ ፊት ነው።

በዚያችው በርሊን እንደዚህ ላሉ ሰዎች የቆመ አንድ የምክር ድርጅት በ2012 ሌቤንስኦርት ፊልፋልት የተባለ ቤት ከፍቷል። አረጋውያኑ ከወጣት ጐረቤት ጋር ይኖሩበታል፤ አስታማሚ ለሚያስፈልጋቸውም በአንድነት የሚጦሩበት ክፍል አለው። እዚያ የሚኖሩ ሰው የሟች ወዳጃቸውን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ አስታማሚውም «ይህ ማን ነው?» ብሎ መልሱን ይሰማል። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ስድሳ ዓመት ፎቶግራፍ በመሳቢያ ደብቆ ይሞክረው።

ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል ነገ ሐኪም፣ ነርስ፣ ወይም በሰው አገር የሽማግሎች አስታማሚ የሚሆን አለ። አንዱ ተነሥቶ «በአገራችን እኮ ወንጀል ነው» ይለኝ ይሆናል። አዎን፤ እንደ እኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይቀጣዋል። ነገር ግን ሕግ ለማስፈጸም ፖሊስና ዳኛ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ነርስ የእነርሱን ሥራ በነጻ ልትሠራላቸው አይገባትም። ሰካራም ወድቆ እግሩ ሲሰበር ሐኪሙ አጥንቱን ይጠግናል እንጂ ስንት መለኪያ እንደ ጠጣ ቈጥሮ ጀሶውን አያሳንስበትም።

ደረታቸውን የያዛቸው ሽማግሌ ከፊትህ ሲቀመጡ፣ ዘመድም ጐረቤትም ከክፍሉ እንዲወጡ ጠይቅ፤ በሩን ዝጋ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ትናንትና ዛሬ ለወሲብ የሚወሰድ ክኒን ወስደዋልን? የምጠይቀው መድኀኒቱ እንዳይጋጭብዎ ነው» በላቸው። መልሱ ቢዘገይም አትቸኩል፤ ወረቀትህንም አታገላብጥ። መልሱን እስኪሰጡህ ድረስ ናይትሮግሊሰሪኑ በእጅህ ይቈይ።