ቡድን የሌለው ሰውም ሜዳ ያስፈልገዋል

ይድረስ ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ ላላችሁ የኮልፌ ቀራንዮ ሰዎች በሙሉ።

ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የምጽፍላችሁ ስለ ኳስና ስለ ሩጫ ነው። አብረውኝ ያደጉ ይገረሙ ይሆናል፤ እኔ ቡድን የለኝም። ጊዮርጊስና ቡና ሲጋጠሙ ቤታችን ለሁለት ሲከፈል የማንም ወገን አልነበርኩም። ዛሬም የእንግሊዝን ሊግ ማን እንደሚመራ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ይሁን እንጂ ስፖርት ብዙ ሰጥቶኛል። ስለ ስፖርት የሚጽፉት ደጋፊዎችና ባለሙያዎች ስለሆኑ፣ እንደ እኔ ያለው ሰው ምን እንዳገኘና ምን እንደሚያሳስበው የሚናገርለት ጥቂት ነው።

ኳስን መጀመሪያ ያወቅኩት በእጄ ነው። ታላቅ ወንድሜ ያረጀ ካልሲ ያመጣል፤ እኔ ጨርቅና ፌስታል እጠቀጥቅበትና አፉን በመርፌ እሰፋዋለሁ። ጥቅጥቅ ተደርጋ የተሰፋች ኳስ በበጋ ትንሽ ትነጥራለች። ክረምት ላይ የኮልፌን ጭቃ ስትጠጣ ግን ትከብዳለች፤ ደረት ላይ ስታርፍ ትንፋሽ ታሳጣለች። ሰፊዋ እኔ ስለሆንኩ ከጨዋታ አያስወጡኝም ነበር፤ በረኛ ያደርጉኛል። ጎላችን ሁለት ድንጋይ ነበር። ሜዳው ደግሞ ከቤታችን ጀርባ ያለ ክፍት ቦታ፤ ጠዋት በግ ይግጥበታል፣ ከሰዓት እኛ እንራወጥበታለን፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል። ጥሩ በረኛ አልነበርኩም። ቢሆንም ሰው ስለሚጎድል ማንም ውጪ አላለኝም። እዚያ ሜዳ ላይ ካደግነው መካከል ለክለብ የተጫወተ አንድም ልጅ አልወጣም፤ ዛሬ በየአገሩ ተበትነንም ግን እንደዋወላለን፣ ሐዘንና ደስታ እንካፈላለን።

ከተማችንና ሰፈራችን ከስፖርት ጋር የቆየ ትዝታ አላቸው። በጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ፣ እዚያው አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ሉቺያኖ ቫሳሎንና መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የለም። የዚያው ዓመት ክረምት ላይ ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና ይወስድ ነበር። መሣሪያውን፣ ጥይቱንና ውሃውን ብቻ ይዞ ረጅም መንገድ በተወሰነ ሰዓት መጨረስ አንዱ የሥልጠናው ክፍል ነበር። ማንዴላ በጎልማሳነቱ ቦክስ ይሠራ ነበር፤ በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ እንዳሰፈረው ጎልቶ የወጣ ቦክሰኛ ሆኖ አያውቅም። ልምምዱን ግን ይወደው ነበር። በኋላ ሮበን ደሴት ላይ በጠባቧ የእስር ክፍሉ ሆኖ እንኳ ማለዳ ተነሥቶ ባለበት መሮጡን፣ ፑሽአፕ መሥራቱን አልተወም። ዋንጫው የአገር ኩራት ነው። እኔ ግን ኮልፌ ስትነሣ አስቀድሜ የማስበው ይህንን ሰው ነው፤ ጎበዝ ሳይሆን ዘመኑን ሁሉ ስፖርት የሠራውን።

ኳስ ቁጭ ብዬ የማየው አገሬ ስትጫወት ብቻ ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ጥር ላይ የዛምቢያን ጨዋታ ያየሁት እዚህ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ሳላዲን ሰዒድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተመለሰ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ከእረፍት በፊት ጎል ገባብን። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው «ልጄ፣ የእኛ ጎል የትኛው ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አዳነ ግርማ በ10 ሰው የቀረውን ቡድን አቻ ሲያደርግ ከሁላችን ቀድመው እልል ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፈን ተመለስን። የእኚያ እናት እልልታ ግን ከውጤቱ በላይ ውስጤ ቀርቷል።

በየዓመቱ በጁላይ መግቢያ እዚህ ሰሜን አሜሪካ የሚደረገውን የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሰምታችኋል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሂውስተን ላይ ነው። በሄድኩ ቁጥር የማየው ነገር አለ፦ ሜዳው ላይ ጨዋታው እየተካሄደ ብዙው ሰው ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቆማል። አንዱ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ይፈልጋል፣ አንዷ በድንኳን ሥር ቡና ታፈላለች፣ ሌላዋ ከስንት ዓመት በኋላ ያገኘቻትን ጎረቤቷን አቅፋ ታለቅሳለች። ማን እንዳሸነፈ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ ብዙ ነው። አንዳንዶች ይህን ለስፖርቱ ንቀት አድርገው ይተቹታል። አልስማማም። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ኳሱ ስለጠራው ነው፤ ያለ ኳሱ ድንኳኑም አይተከልም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ አንደኛ የወጣበት ታላቁ ሩጫም ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚያስወጣው ሕዝብ አብዛኛው ሯጭ አይደለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ባለፈው ስመጣ የልጅነት ሜዳችን ሕንፃ ሆኗል። ሰው መኖሪያ ያስፈልገዋልና በዚህ አልከራከርም። በየክፍለ ከተማው አዳዲስ የስፖርት ማዘውተሪያዎች መሠራታቸውንም አይቼ ደስ ብሎኛል። አንዱ ጋ ቅዳሜ ቆሜ ስመለከት ግን ውስጥ ያሉት ማልያ የለበሱ ጎረምሶች ብቻ ነበሩ። ታዳጊዎችና ሴቶች ልጆች አጥሩን ይዘው ያያሉ። ከዚያ ወደ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ አልኩ። እዚያ አንድ የሰፈር ልጅ አየሁ፣ ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ጎል ሲገባ አልጮኸም፤ ከኪሱ የውርርድ ወረቀቱን አውጥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ። በዚያ ዕድሜው ኳስ ማየት እንዲህ ሲያስጨንቀው ማየት አሳመመኝ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ አደራ የምላችሁ አለ። ሜዳው የጎበዞች ብቻ አይሁን። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሴቶች ልጆች፣ ለሕፃናት፣ ለጤናቸው መንቀሳቀስ ለሚፈልጉ እናቶችና አባቶች ይለቀቅ፤ ይህ ብር አይጠይቅም፣ መነጋገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ውርርድ ቤት ደጃፍ የሚውሉትን ልጆቻችሁን ሳትሰለቹ ምከሩ፣ ወደ ሜዳውም ይዛችኋቸው ውጡ። ወረዳው ስለቀሩት ክፍት ቦታዎች ነዋሪውን ለስብሰባ ሲጠራ ደግሞ የስፖርት ሰው ባትሆኑም፣ ቡድን ባይኖራችሁም፣ እባካችሁ ሄዳችሁ እጃችሁን አውጡና «ለልጆቻችን መጫወቻ ይተው» በሉ።