ያልነበረ ዋጋ ሲቀነስ

በደብረ ታቦር ገበያ ሻጭ የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍ አድርጎ እንደሚጠራ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ገዢውም ይህንኑ አውቆ ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። ሻጭ «አያዋጣኝም» ይላል፤ ገዢ ትቶ መንገድ ይጀምራል፤ ሻጭ መልሶ ይጠራዋል፤ መሐል ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ክርክር የተታለለ ሰው የለም። የተጠራው ዋጋ የድርድር መክፈቻ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሻጩ «ትናንት በዚህ ሸጫለሁ» ብሎ ቢምል እንኳ ያንኑ ዕቃ ይዘው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሌሎች ሻጮች ስላሉ መሐላው ብዙ አይቆይም።

ዛሬ ግን ገበያው በእጅ ስልክ ውስጥም ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ ቀሏል። በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ገጽ ጫማ፣ ስልክ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የሕፃናት ልብስ ይሸጣል። ከወንዛዬ ፍል ውሃ እስከ ጉና ግርጌ ያለ ሸማች የመርካቶን ዕቃ ከቤቱ ሳይወጣ ያያል። ይህ በራሱ መልካም ነው። መልካም ያልሆነው ከዕቃው ፎቶ ሥር የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንዱ ትልቅ ሲሆን መስመር ተሰምሮበታል። ሌላው አነስ ያለ ሲሆን ከጎኑ «30 በመቶ ቅናሽ፣ ለሦስት ቀን ብቻ» ይላል። ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላም ማስታወቂያው እዚያው ነው።

ጥያቄው አንድ ነው። ያ የተሰረዘው ዋጋ መቼ፣ የት፣ ለማን ተሸጦበት ያውቃል?

ሒሳቡ ሲሠራ

ለምሳሌ ያህል ደብረ ታቦር ውስጥ ፈቃድ አውጥቶ፣ የሱቅ ኪራይና ግብር እየከፈለ የሚሠራ አንድ ነጋዴ አንድ ጥንድ ጫማ በ2,400 ብር ይሸጣል ይባል። ዋጋው ይኸው ነው፤ የተሰረዘ ነገር የለበትም። ሱቅ የሌለው ሌላ ሻጭ ያንኑ ጫማ በቻናሉ ለጥፎ 3,600 ብር ይጽፍና ይሰርዘዋል። ከዚያ 30 በመቶ ቀንሶ «2,520 ብር» ይላል። ገዢው 1,080 ብር የተረፈለት ይመስለዋል። ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ መናኸሪያ ሲደርስ የማስጫኛ 150 ብር ሲጨመርበት ወጪው 2,670 ብር ይሆናል። ቅናሽ ያገኘው ሰው ከጎረቤቱ ሱቅ 270 ብር አስበልጦ ገዝቷል። ጫማው ከጠበበውም መመለሻ የለውም፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ሄዷል።

ጉዳቱ በገዢው ላይ ብቻ አይቆምም። ባለሱቁ ደንበኛ አጥቷል። ደንበኛው የሄደው ዋጋው ስለተወደደ አይደለም፤ ባለሱቁ ያልነበረ ዋጋ ጽፎ ስላልሰረዘ ነው። በሚቀጥለው ወር ይህ ነጋዴ ሁለት አማራጭ ይኖረዋል። ወይ እንደ ሌላው 3,600 ብር ጽፎ ይሰርዛል፤ ወይ ሱቁን ይዘጋል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያስረዳው ይህንን የመሰለ ገበያ ነው። ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ሲሳነው ደህናው ሻጭ ቀድሞ ከገበያ ይወጣል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ኢኮኖሚስቶች አንዱ ሲሆን፣ ያስጠቀሰውም ይኸው ሥራው ነው።

የተሰረዘው ቁጥር ኃይል የሚያገኘው ከሰው አእምሮ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። በገበያ ላይ ግን ብልሁም ቢሆን መጀመሪያ ያየውን ቁጥር በቀላሉ አይለቅም። 3,600 ያየ ዓይን 2,520ን የሚመዝነው ከ3,600 አንጻር እንጂ ከጫማው ጥንካሬ አንጻር አይደለም።

የዋጋ ንረትና የጠፋ ትዝታ

ይህ ብልሃት በኢትዮጵያ የበለጠ የሚሠራበት የራሱ ምክንያት አለ። ዋጋ በተረጋጋበት አገር ሸማቹ የአምናውን ዋጋ ያስታውሳል። የተጋነነ ቁጥር ሲያይ «ይህ ዕቃ መቼ ይህን ያህል አወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ሲለዋወጥ የከረመበት ሸማች ትዝታው ተምታትቶበታል። 3,600 የሚል ቁጥር ቢያይ «ሊሆን ይችላል» ይላል እንጂ አይከራከርም።

በአማራ ክልል ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመሩ ሲመለስ ሸማቹ ስልኩ ላይ ያገኘው አዲስ የዋጋ ዓለም ነው። በመሐል የነበረውን አላየም። መንገድ በጸጥታ ችግር በሚዘጋባቸው ጊዜያትም ባሕር ዳር ወርዶ ዋጋ አጣርቶ መመለስ አይቻልም። በዚህ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ ያለ ገዢ የሻጩን ቁጥር ከማመን በቀር የሚያነጻጽርበት ነገር ያጣል።

ሦስት ዓይነት የተሰረዘ ዋጋ

ይሁን እንጂ ለነጋዴውም ፍትሕ ያስፈልጋል። የተሰረዘ ዋጋ ሁሉ ውሸት አይደለም። በገበያው ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው የነበረ ዋጋ ነው። ነጋዴው በእርግጥ በ3,600 ብር ሲሸጥ ቆይቶ ወቅቱ ስላለፈበት ወይም ገንዘብ ስላስፈለገው በ2,520 ብር ያወጣዋል። ይህ እውነተኛ ቅናሽ ነው።

ሁለተኛው የሌላ ሰው ዋጋ ነው። «ሌላ ቦታ 3,600 ይሸጣል» ማለት ነው። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የት እንደሚሸጥ ካልተነገረ ማስረጃ የለውም፤ ስሙም ንጽጽር ነው እንጂ ቅናሽ አይደለም።

ሦስተኛው የሚመጣ ዋጋ ነው። አስመጪው ዕቃውን ከምንዛሪው ለውጥ በፊት አስገብቷል። አሁን ቢያስመጣ በ3,600 ብር እንጂ ከዚያ በታች እንደማያዋጣው ያውቃል። የቀድሞውን ዕቃ በ2,520 ብር ሲያወጣ ገዢውን እየጠቀመ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን 3,600 የነበረ ዋጋ ሳይሆን የሚመጣ ዋጋ ነው። እንዲያውም ዕቃው ከሁለት ወር በፊት በ1,900 ብር ይሸጥ ከነበረ የተደረገው ጭማሪ ነው። ነጋዴው «በድሮ ምንዛሪ የገባ ዕቃ» ብሎ ቢጽፍ እውነቱን ይናገራል፤ ዕቃውም ይሸጥለታል። «ቅናሽ» ብሎ ከጻፈ ግን ጭማሪን በቅናሽ ስም መሸጡ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ጭራሽ ዋጋ የማይጻፍበት ልማድም አለ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ የተለየ ዋጋ የሚናገር ሻጭ መጨረሻ ላይ «ለእርስዎ ቀንሼ ነው» ሲል ከምን ላይ እንደቀነሰ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው መመሪያ የቀድሞ ዋጋ ተብሎ የሚጠቀሰው ነጋዴው ዕቃውን ለበቂ ጊዜ በግልጽ ለሽያጭ ያቀረበበት ትክክለኛ ዋጋ መሆን እንዳለበት ገልጿል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ጉዳዩን በቁጥር አስሮታል። ቅናሽ የሚያውጅ ነጋዴ የቀድሞ ዋጋ ብሎ መጥቀስ ያለበት ከቅናሹ በፊት በነበሩት ቢያንስ 30 ቀናት ውስጥ ያስከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ በመቶኛ የሚነገረው ቅናሽ ራሱ ከዚሁ ዝቅተኛ ዋጋ ላይ መሰላት እንዳለበት አረጋግጧል።

ደንቡ ጥርስ እንዳለው በፈረንሳይ ታይቷል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የአገሪቱ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት በልብስ ሽያጭ ታዋቂ በሆነው ሺን ላይ በአሳሳች ቅናሽ ምክንያት የ40 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ማስተላለፉን ይፋ አደረገ። ከተመረመሩት የቅናሽ ማስታወቂያዎች 57 በመቶው ምንም ቅናሽ የሌለባቸው፣ 19 በመቶው ከተባለው ያነሰ ቅናሽ ያለባቸው፣ 11 በመቶው ደግሞ እንዲያውም ጭማሪ ሆነው ተገኙ። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ሆነው ከዚሁ ገበያ ትእዛዝ ተቀብለው የሚያስመጡ ሻጮች አሉ። የተሰረዘውን የዶላር ዋጋ ወደ ብር ቀይረው እንዳለ ሲለጥፉት ውጭ አገር የተቀጣው ቁጥር እዚህ በነጻ ይሸጣል።

ተቃራኒውን የሚያሳይ ታሪክም አለ። የአሜሪካው የመደብሮች ኩባንያ ጄሲ ፔኒ እ.ኤ.አ. በ2012 የማያቋርጠውን ቅናሽና ኩፖን አስቀርቶ በአንድ ቁርጥ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ደንበኛው ሸሸ። የዓመቱ ሽያጭ በሩብ ያህል ወረደ። ለውጡን ያመጡት ሥራ አስኪያጅ ሮን ጆንሰን በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ተሰናበቱ። ከዚህ ተነሥቶ «ሸማቹ ራሱ መታለል ይወዳል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። ሌሎች ሁሉ እየሰረዙ አንዱ ብቻ እውነት ቢናገር የሚከስረው እውነተኛው ነው። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ነጋዴ ጨዋነት የሚፈታ ሳይሆን ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ የሚፈልግ ነው።

ሕግ አለ፤ ግድግዳ የለም

በኢትዮጵያ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዟል፤ አሳሳች የንግድ ማስታወቂያንም ከልክሏል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኢንተርኔት የሚደረገውን ግብይት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ሸማቾችን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ባለሥልጣን ግን በ2014 ዓ.ም. ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል።

ክፍተቱ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ ደብረ ታቦር ሱቅ ሲገባ ግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝር መለጠፉን ያያል፤ ከሌለ ያስጠነቅቃል፤ ሲደጋገም ያሽጋል። ቻናል ግን ግድግዳ የለውም። የሚታሸግ በርም የለውም። ሕግ የሚያከብረው ባለሱቅ ቁጥጥሩን ሲሸከም፣ ፈቃድ የሌለው ሻጭ ያልነበረ ዋጋ እየሰረዘ ገበያውን ይወስዳል። ይህ ውድድር ሊባል አይችልም።

መድኃኒቱ ዋጋ መተመን አይደለም። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ከወራት በኋላ አብዛኛውን ማንሳቱ አይዘነጋም። ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ይሽጥ። የሚጠየቀው ስለ ትናንቱ ዋጋ እውነቱን እንዲናገር ብቻ ነው። ለዚህም የ30 ቀኑን ደንብ በመመሪያ ማውጣት ይበቃል። «ቅናሽ» የሚል ሻጭ በወሩ ውስጥ በዝቅተኛው ዋጋ የሸጠበትን ደረሰኝ ወይም ቀን ያለበትን ማስታወቂያ ሲጠየቅ ያሳይ። ማሳየት ካልቻለ «ቅናሽ» የሚለውን ቃል ያንሳ። በዋጋ ንረት ጊዜ ይህ ደንብ አይከብድም ወይ ለሚል መልሱ ቀላል ነው። ዋጋ እየጨመረ ያለ ነጋዴ ቅናሽ እንዲያውጅ ያስገደደው የለም።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ገዢው ባዶ እጁን አይደለም። የቴሌግራም ጽሑፍ ቀን አለው። ወደ ኋላ ሄዶ ያው ዕቃ ባለፈው ወር ስንት ተብሎ እንደተለጠፈ ማየት፣ ያንኑ ፎቶ በሌላ ቻናል መፈለግ፣ የማስጫኛውን ወጪ ደምሮ ከከተማው ሱቅ ጋር ማወዳደር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በኮሚሽን የሚሠራ ደላላም ያልነበረ ዋጋ ሲያስተላልፍ የራሱን ቃል ጭምር እያስያዘ መሆኑን ይወቅ።

የደብረ ታቦር ነጋዴዎችም ዝም ብለው መጠበቅ የለባቸውም። ዋጋቸውን ከነቀኑ በራሳቸው ቻናል ይለጥፉ። ሦስት ወር ሙሉ ያልተሰረዘና ያልተነካ የዋጋ ዝርዝር በገዢ ዓይን ከማንኛውም «30 በመቶ» በላይ ይመዝናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ችግሩ የሱቅ ኪራይ በየወሩ የሚከፈል መሆኑ ነው። እውነቱ እስኪጠራ ድረስ እውነተኛው ነጋዴ ሱቁን እንዳይዘጋ፣ ተቆጣጣሪው ከግድግዳው ላይ ዓይኑን አንሥቶ ስልኩንም ይመልከት።