ከተራራው የሚበልጥ ዕድሜ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ የረርን በግራው፣ ዝቋላን በቀኙ እያየ ሲያልፍ «ይህ ከፍጥረት መጀመሪያ የነበረ ተራራ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የመሬትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ሌላ ይነግሩናል። የደጋችን ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ቢሆነው ነው፤ የረርና ዝቋላ ከዚያም ያንሳሉ፤ በቢሾፍቱ ዙሪያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የማሳቸው ጉድጓዶችማ ገና ሕፃናት ናቸው። በምዕራብ አውስትራልያ፣ ፒልባራ በተባለው አገር፣ ረቂቅ ተሐዋስያን እየተነባበሩ የኖሩበት ምልክት የታተመበት ዓለት 3,480 ሚሊዮን ዓመት ይቆጠርለታል።

ታዲያ ጥንታዊ ነገር ማየት የሚሻ ወጣት እስከ አውስትራልያ ይሂድ? የለም፤ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ አረንጓዴ ሐይቅ አለለት። የአካባቢው ሰው ሆራ ሐዶ ይለዋል። ሶዳ የበዛበትን ይህን ውሃ አረንጓዴ ያሰኘው ስፒሩሊና እየተባለ የሚጠራው ረቂቅ ፍጥረት ሲሆን፣ ወገኑ ሳያኖባክቴሪያ ነው። የምድርን አየር ከ2,400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በኦክሲጅን መሙላት የጀመረው ይኸው ወገን ነው። ዓለቱ ወጣት፣ ነዋሪው ሽማግሌ ማለት ነው። (በቻድ ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎች ይህንኑ ስፒሩሊና እያደረቁ ይበሉታል፤ እኛ ግን አልለመድነውም።)

ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር የተባሉ ሊቃውንት በአረንጓዴና በጎረቤቱ በኪሎሌ ሐይቅ ያደረጉትን ምርምር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 አሳትመዋል። እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ የሚለውጡበት ኃይል በተፈጥሮ ውሃ ሊደረስ ከሚችለው ከላይኛው ወሰን የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። የሁለት ትናንሽ ሐይቆች ስም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ።

ከዚያ በኋላ በኪሎሌ የሆነው ያሳዝናል። በዚያው አቆጣጠር በ1989 የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ሲባል ወደ ሐይቁ ተጠለፈ። ሶዳው በጣፋጭ ውሃ ቀጠነ፤ የውሃው ጠባይ ተለወጠ፤ ስፒሩሊናውም ስፍራውን ለሌሎች ለቀቀ። ለውጡን የመዘገቡት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ብሩክ ለማ ናቸው። መስኖ ለምን ተጠለፈ አልልም፤ ገበሬው ውሃ ያስፈልገዋል። የምቃወመው የሐይቁ ነዋሪ ሳይጠየቅለት መፈረሙን ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነውና የዚያን ጊዜ ሹም ሕግ አላስገደደውም ይባል ይሆናል። ዛሬ በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በባቱ ቢሮ የውሃ ፋይል ለሚቀርብለት ወጣት ሹም ግን ይህ ምክንያት አይሆነውም።

የየከተማው የሳይንስ መምህራንም ቢያግዙ መልካም ነው። ከአረንጓዴ ሐይቅ አንድ ጠብታ ውሃ በማይክሮስኮፕ ሥር ቢያስቀምጡ፣ ተማሪው እንደ ሽቦ ጥምዝ የተጠቀለለውን አረንጓዴ ክር በገዛ ዓይኑ ያየዋል።